በስድስት መቶ ዶላር የተገዛው አውሮፕላን፦ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንና የበረራ ማኅበራቸው



ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ ሲኬድ በስሜን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ንስርና ጥንብ አንሳ ከእግሩ በታች ሲበሩ ያያል። ክንፋቸውን አያርገበግቡም፤ ዘርግተው ዝም ይላሉ። ነፋሱ ገደሉን ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ እነሱንም ይዟቸው ይወጣል። ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይ ያሞቀችው መሬት አየሩን ስለሚያሞቀው፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሣ በላዩ እየዞሩ ከፍ ይላሉ።

ይህን የወፎች ጥበብ የሰው ልጅ ከተማረው ቆይቷል። ግላይደር የሚባል፣ ረጅም ክንፍ ያለውና ሞተር የሌለው አውሮፕላን አለ። አብራሪው እንደ ንስሩ ሽቅብ የሚወጣ አየር እየፈለገ በሰማይ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ነገር ግን ግላይደር ብቻውን ከመሬት አይነሣም። አንድ ሰው ክንፉን ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ረጅሙን ገመድ በማሽን እየጠቀለለ ይጎትታል፤ ሲያርፍም ሰዎች ገፍተው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ የግላይደር በራሪዎች በክበብ የተደራጁ ናቸው። ዛሬ የበረረ ነገ ገመድ ጎታች ይሆናል። አውሮፕላኑም በአብዛኛው የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም መዋጮ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖች በውል ምክንያት ሞተር ያለው አውሮፕላን እንዳይሠሩ በተከለከሉ ጊዜ፣ ወጣቶቻቸው ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫሰርኩፐ በሚባል ተራራ ላይ እየተሰበሰቡ በእጃቸው በሠሩት ግላይደር መብረር ጀመሩ። ክልከላው ማኅበር ወለደ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሌሎች ሰዎችም ከሰማይ ተከልክለው ነበር። የተከለከሉት በውል ሳይሆን በቆዳቸው ቀለም ነው። እነሱም እንደዚያው ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ ማኅበር የወጣ አንድ ሰው የኢትዮጵያን ሰማይ ሊጠብቅ ወደ አገራችን መጣ፤ አፈራችንም ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። በዚህ እትም የምናወጋችሁ ስለዚህ ሰው፣ ስለ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው። ስማቸውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከስማቸው ጀርባ የነበሩትን ሰዎች፣ በተለይም አንዲት ነርስ ያዋጡትን ገንዘብ፣ እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ሳንናገር ብናልፈው ይከብደናል።

ከጋራዥ እስከ በረራ ትምህርት ቤት

ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ስለሞቱ እናታቸው ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ገልፍፖርት ይዘዋቸው ሄዱ። እናታቸው እዚያ በባቡር ድርጅት የሚሠራ ሰው አገቡ፤ ልጁም በእንጀራ አባታቸው ቤት አደጉ። ልጅ ሳሉ በባሕሩ ዳርቻ አንድ አውሮፕላን አይተው ልባቸው በዚያው እንደ ቀረ ይነገራል።

የዚያ አገር ኑሮ ለጥቁር ሕዝብ ከባድ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ባቡሩ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ሁሉም በቀለም የተከፈለ ነበር። ወጣቱ ሮቢንሰን አላባማ ወደሚገኘው ወደ ቱስኬጊ ሄደው የመኪና ጥገና ተማሩ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ጨረሱ። ቱስኬጊ በ1881 እ.ኤ.አ. በቡከር ቲ. ዋሽንግተን መሪነት የተከፈተ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ጡቡን ራሳቸው ሠርተው፣ ግድግዳውንም ራሳቸው ገንብተው የተማሩበት ስለሆነ፣ ራስን ስለመርዳት ለሚያስብ ማኅበር ሁሉ የሚታወስ ቦታ ነው።

ሙያቸውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ዲትሮይት፣ ቀጥሎም ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ እዚያም ጋራዥ ከፈቱ። ኑሯቸው ተሻሻለ፤ ሐሳባቸው ግን ከሰማይ አልወረደም። በከተማው ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር፤ ጥቁር ተማሪ ግን አይቀበልም። ሮቢንሰን ደጋግመው ጠየቁ፤ ደጋግመውም ተመለሱ። በመጨረሻ በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ገቡ። መጥረጊያ ይዘው የክፍሉን ጥግ እያጸዱ አስተማሪው የሚለውን ያዳምጡ ነበር ይባላል። ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኛቸው ከመካኒኩ ኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ወዳጆቻቸው ጋር ተሰብስበው የሰሙትን ያጠናሉ። ተገጣጣሚ ዕቃ ገዝተው፣ የሞተር ብስክሌት ሞተር ገጥመው፣ አንድ ትንሽ አውሮፕላንም ሠሩ።

በሩ የተከፈተው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ሮቢንሰንና ኮፊ ተመዝግበው ተማሩ፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስደንቃል፤ ያው ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች ክፍል ከፍቶ ሮቢንሰንን አስተማሪ አደረጋቸው። ትናንት ወለሉን ይጠርጉበት በነበረው ቤት ጠመኔ ያዙ።

ማኅበሩ

መማር ብቻውን ግን አላበረራቸውም። ጥቁር አብራሪ አውሮፕላኑን የሚያሳርፍበት ሜዳ አልነበረም፤ በየአየር ማረፊያው ይመለሳል። የራሱ አውሮፕላንም የለውም። ጊዜው ከ1929 እ.ኤ.አ. በኋላ በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት የመጣበት፣ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነው። አንድ መካኒክ ብቻውን መሬት ሊገዛ፣ አውሮፕላንም ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ቻሌንጀር የአየር አብራሪዎች ማኅበር የሚባለውን ክበብ አቋቋሙ። ሮቢንሰን መሪ ሆኑ።

ከቺካጎ ደቡብ ሮቢንስ የምትባል፣ ነዋሪዎቿም አስተዳዳሪዎቿም ጥቁሮች የሆኑ ትንሽ ከተማ ነበረች። ማኅበሩ እዚያ ቦታ አገኘ። ቅዳሜና እሑድ አባላቱ እየተሰበሰቡ ዛፉን ቆረጡ፣ ድንጋዩን ለቀሙ፣ ጉድጓዱን ሞሉ። ያገለገለ እንጨት ገዝተው ለአውሮፕላን መጠለያ ሠሩ። የእኛ አገር ሰው ይህን ደቦ ብሎ ያውቀዋል። አጨዳ ሲደርስ ወይም የጎረቤት ቤት ሲሠራ እንደምናደርገው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ደቦ ለአውሮፕላን መሆኑ ብቻ ነው።

ሜዳው ተሠራ፤ የሚነሣ አውሮፕላን ግን ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ጃኔት ሃርመን ይመጣሉ።

ወይዘሮ ጃኔት በ1907 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ግዛት ተወለዱ፤ ነርስነት ተምረው ቺካጎ ገቡ። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ጫጩቶችና እናታቸው የተሳሉበትን፣ ወፍ መብረርን ከተማረች ሰው ለምን አይማርም የሚል ሐሳብ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አይተው ልባቸው ተነሣ። በ1933 እ.ኤ.አ. ሮቢንሰንና ኮፊ በሚያስተምሩበት ክፍል ተመዘገቡ። በክፍሉ ያሉት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ብዙዎቹ መካኒኮች ስለሆኑ ሞተር መፍታትና መግጠም ለእነሱ የዕለት ሥራ ነው፤ ለነርሷ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ አዲስ ነበር። ቀስ ብለው ተማሩ። ከወንዶቹ የሚለዩበት አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ቋሚ ደመወዝ ነበራቸው። ከዚያ ደመወዝ ቆጥበው በ600 ዶላር አንድ ያገለገለ አውሮፕላን ገዙ። የማኅበሩ አባላት በዚያ አውሮፕላን ተማሩ፤ በየተራ በረሩ።

እኅቶች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ስለ ሮቢንሰን የሚወራው ወሬ ብዙ ጊዜ አንድ ጀግና ብቻውን ከምንም ተነሥቶ ሰማይ ደረሰ እያለ ያልፋል። የማኅበሩ ሒሳብ ተከፍቶ ቢታይ ግን ትልቁ ገቢ በማን ስም እንደ ተጻፈ ግልጽ ነው። አውሮፕላኑ የአንዲት ሠራተኛ ሴት ቁጠባ ነው። ሜዳው የብዙ ሰው የእሑድ ጉልበት ነው። ሮቢንሰን መሪ፣ መምህርና የተዋጣላቸው አብራሪ ነበሩ፤ ይህን ማንም አይቀንስባቸውም። ነገር ግን በእነዚህ ሰዎች ክንፍ ላይ ነው የበረሩት።

ማኅበሩ ከእሱ በፊት የነበረችውን ሴትም አልረሳም። ቤሲ ኮልማን በቺካጎ በወንዶች ፀጉር ቤት ጥፍር እያስዋቡ ገንዘብ ያጠራቀሙ፣ በአሜሪካ የሚያስተምራቸው ስላጡ ፈረንሳይኛ ተምረው ፈረንሳይ አገር ሄደው በ1921 እ.ኤ.አ. የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በ1926 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የቻሌንጀር አባላት ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በቺካጎ መቃብራቸው ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ አበባ ይጥሉ ነበር። ተዝካር በአየር ላይ ማለት ይህ ነው።

ነፋሱ

አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ መጣና በሮቢንስ የተሠራውን መጠለያ አፈረሰው፤ ውስጡ የነበሩትንም አውሮፕላኖች ሰባበረ። የስንት ቅዳሜና እሑድ ድካም በአንድ ቀን ጠፋ።

ይህን ስናነብ በማኅበራችን ውስጥ ያለው ክርክር ትዝ አለን። የቆጠብነውን በዓመቱ መጨረሻ ተከፋፍለን እያንዳንዳችን በግ ወይም ዘር እንግዛበት ወይስ ሳንከፋፈል አንድ የጋራ ወፍጮ እናቁም የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወፍጮውን የሚፈሩ እናቶች ፍርሃታቸው ባዶ አይደለም። ማሽን ይሰበራል፤ መለዋወጫው ከጎንደር ወይም ከዚያም ርቆ ይመጣል፤ በግ ግን ቢያንስ በየደጃችን ናት። የሮቢንስ ነፋስም የእነዚህ እናቶች ምስክር ነው፤ የጋራ ሀብት በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ከነፋሱ በኋላ የሆነውንም ግን መጻፍ አለብን። ማኅበሩ አልተበተነም። ከቺካጎ ደቡብ ምዕራብ ሃርለም የሚባል የግል አየር ማረፊያ ነበር፤ ባለቤቱ ነጭ ቢሆንም በሜዳው ዳር ቦታ ሰጣቸው። እዚያ እንደ ገና ጀመሩ። ነፋሱ እንጨቱን ወሰደ፤ አባላቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያጠራቀሙትን ሙያ ግን አልወሰደም። ማን ምን ያውቃል፣ ማን ምን አዋጣ፣ ማን ለማን ያስተምራል የሚለው በመካከላቸው ግልጽ ስለነበር መጠለያው ቢወድቅም ማኅበሩ ቆመ።

በ1934 እ.ኤ.አ. ሮቢንሰን ከጓዶቻቸው ጋር ወደ ተማሩበት ወደ ቱስኬጊ በረሩ። የተመረቁበት አሥረኛ ዓመት ነበር። በመንገድ ላይ በአላባማ አንደኛው አውሮፕላን ተሰበረ፤ እሳቸው ግን ቱስኬጊ ደረሱ። የመጡት የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ለማሳሰብ ነው። ወዲያው አልተከፈተም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1939 እ.ኤ.አ.፣ ተከፈተ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የታወቀው ጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች የወጡት ከዚያ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ወሬው በመላው ዓለም ያሉ ጥቁሮችን አስቆጣ። ዓድዋን የሚያውቅ ሁሉ የሚችለውን ለማድረግ ፈለገ። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ለአገራቸው ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። የሮቢንሰን ስም ደረሳቸው። ሮቢንሰን በግንቦት ወር ከአሜሪካ ተነሥተው በባሕር ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ። ጓደኛቸው ኮፊና ሌሎች የማኅበሩ ሰዎች ሊከተሏቸው አስበው ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ዜጎቹ በጦርነቱ እንዲገቡ አልፈለገምና ብቻቸውን ቀሩ።

በአገራችን አውሮፕላን አዲስ ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ የገባው በ1921 ዓ.ም. ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከአንድ ዓመት በኋላ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ነገር ግን ሮቢንሰን ሲደርሱ የነበሩት አውሮፕላኖች በጠቅላላ ደርዘን ገደማ፣ ዓይነታቸው የተለያየ፣ ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ዓይነታቸው ስለሚለያይ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ የሳሳ ነው፤ በሳሳ አየር ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ክንፍም በደንብ አይሸከምም፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ወደ ሰሜን ሲበሩ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው የእኛ ራስ ዳሸን አካባቢ አለ። ጣሊያን በበኩሏ በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋለች። ሮቢንሰን ኮሎኔል ተብለው የዚያችን ትንሽ የአየር ኃይል አመራር ተረከቡ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች መረብን ተሻገሩ። በዚያው ቀን ዓድዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ኮሎኔሉ መልእክት ይዘው እዚያው ነበሩ፤ የከተማውን ሕዝብ ዕልቂት በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ሥራቸው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነበር። አውሮፕላናቸው መተኮሻ የለውም፤ የጠላት አውሮፕላን ሲመጣባቸው ከደመና መግባት ወይም በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ ማምለጥ ብቻ ነው ያላቸው ምርጫ። በጦርነቱ ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዝም ደርሶባቸዋል።

የመርዝ ጋዙን ነገር ለእኛ አገር ሰው ማንም አይነግረውም። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው በጎንደር በኩል ሲወጡ፣ የወገራና የስሜኑ ደጃዝማች አያሌው ብሩም የአገራችንን ሰው ይዘው ዘምተዋል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግረው ደምበጉና ላይ ድል አደረጉ። በዚያው ወር ጣሊያኖች በተከዜ አካባቢ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ሰማዩን የሚጠብቅ አልነበረም። በአያቶቻችን ቤት ከአየር የወረደው እሳት እየተባለ የሚነገረው የዚያ ዘመን ነገር ነው። ኮሎኔል ሮቢንሰን የበረሩበት ሰማይ ይህ ነበር፤ ብቻቸውን ሊዘጉት የማይችሉት ሰማይ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ኮሎኔሉ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ወጥተው ነበርና በግንቦት ኒው ዮርክ ደረሱ። በቺካጎ የተቀበላቸው ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ሰዎች ቡናማው ንስር የሚል ዓይነት ቅጽል ስም ሰጧቸው። ወይዘሮ ጃኔትም በጥቁሮች ጋዜጣ በቺካጎ ዲፌንደር ላይ ታሪካቸውን ጻፉ። ኮሎኔሉ በስማቸው የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

መሪው በሌሉበት

ኮሎኔሉ ኢትዮጵያ በነበሩበት ዓመት የቺካጎው ማኅበር ምን ሆነ? ብዙ ማኅበር መሪው ሲሄድ ይፈርሳል። ያ ማኅበር ግን ሥራውን ቀጠለ። ኮፊ ማስተማሩን አላቋረጡም። ዊላ ብራውን የሚባሉ አስተማሪ ሴት ከእነሱ ጋር ተቀላቅለው በ1938 እ.ኤ.አ. የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ፤ ከኮፊ ጋር ሆነው ትምህርት ቤት አቆሙ። ከዚያ ትምህርት ቤት የተማሩ ብዙዎች ኋላ ቱስኬጊ ገብተው ተዋጊ አብራሪዎች ሆኑ። ወይዘሮ ጃኔትም ወደ አላባማ ሄደው በደንብ በርረው ሳለ ፈታኙ በቀለማቸው ምክንያት ፈቃዱን ከለከላቸው፤ ወደ ቺካጎ ተመልሰው ሌላ ፈታኝ ዘንድ ቀርበው በ1943 እ.ኤ.አ. የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ወሰዱ።

ኮሎኔል ሮቢንሰን ግን ልባቸው ወደ ኢትዮጵያ ይመለከት ነበር። አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. ገደማ ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን የአቪዬሽን ባለሙያዎች ጋር ተመልሰው መጡ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። አገሪቱ ሰው ባስፈለጋት በዚያ ወቅት ከሠለጠኑት ወጣቶች መካከል የእሳቸው ተማሪዎች ነበሩበት።

ሕይወታቸው ሁሉ ድል አልነበረም። የአየር ኃይሉን ሥልጠና እንዲመሩ ከመጡት ስዊድናዊ ካውንት ፎን ሮዘን ጋር ተጣልተው ነገሩ እስከ እስር ደርሷል፤ ከአየር ኃይሉም ወጡ። እንዲያም ሆኖ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። አዲስ አበባ ቀሩ፤ ማስተማራቸውንም አልተዉም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታመመ ሰው ደም ለማድረስ ነው በሚባል በረራ ላይ አውሮፕላናቸው አዲስ አበባ ላይ ወደቀች። አብሯቸው የበረረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የዚያ ሰው አገር ጠላታቸው ነበረች፤ በመጨረሻው በረራ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ኮሎኔሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 18 ቀን፣ በሐኪም ቤት አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በብዙ ሕዝብ ፊት በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

ወይዘሮ ጃኔትም ኢትዮጵያን አልረሱም። ቺካጎ ለትምህርት የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን በቤታቸው እየተቀበሉ እንደ እናት ይረዱ ነበር፤ ኋላም ራሳቸው ኢትዮጵያን ጎበኙ። በ1993 እ.ኤ.አ. አረፉ። በክልላችን የተወለዱት አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሲሆኑ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ ያሉበትን በረራ ይዘው ባንኮክ ሲያርፉ፣ ያን ዜና የሰማን ሁሉ ደስ ብሎናል። ደስታው ሥር አለው። ከሥሩ አንዱ ደግሞ በነርስ ደመወዝ የተገዛ አንድ ያገለገለ አውሮፕላን ነው።

ለእኛ

ይህን ታሪክ የጻፍነው ወፍጮ ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አይደለም፤ እሱን የምንወስነው ተሰብስበን ነው። የቻሌንጀር ማኅበር ታሪክ ግን ለክርክራችን ሁለት ነገር ይጨምራል ብለን እናምናለን።

አንደኛው፣ የጋራ ዕቃ ስንገዛ አብረን የምንገዛው ሙያ ነው። ወፍጮ ብንገዛ ሞተሩን ፈትቶ መግጠም የሚችል አንድ ሰው ከውጭ ቀጥረን እናቶች እህል ብቻ ይዘን ከቆምን፣ ያ ሰው የሄደ ቀን ወፍጮው ብረት ነው። ሁለት ሦስት ሴቶች ልጆቻችን ሙያውን ከተማሩ ግን ማሽኑ ቢሰበር እንኳ የተማሩት አይሰበርም። ስለዚህ በጀቱ ሲወጣ የሥልጠናው ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጎን በራሱ መስመር ይጻፍ። ለጋሾቻችንም ዕቃ ብቻ ከመስጠት የዕቃውን ሙያ አብራችሁ እንድትሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዷ እናት ያዋጣችው በስሟ ይጻፍ። አምስት ብርም ትሁን፣ የአንድ ቀን ጉልበትም ይሁን፣ ድንጋይ መልቀምም ይሁን። ሌላ ጊዜ የማኅበሩ ታሪክ ሲነገር የሊቀመንበሯ ስም ብቻ እንዳይቀር መዝገቡ ይናገራል። የጃኔት ሃርመን 600 ዶላር እስከ ዛሬ የታወቀው ተጽፎ ስለቆየ ነው። ስማቸው ሳይጻፍ ዛፉን ቆርጠው፣ ጉድጓዱን ሞልተው ያለፉት ሌሎች ስንት እንደሆኑ ግን ዛሬ ማንም ሊቆጥራቸው አይችልም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የወፍጮው ጉዳይ በአጀንዳ ተይዟል። የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በደብተሩ ያለው ቁጥርና በመዝገባችን ያለው አንድ መሆኑን አብረን እናያለን፤ ከዚያ እንወስናለን።